ጥቁር ከዋክብት

ከዋክብትን ከልቤ የወደድኳቸው ጥቁር ሆነው ባየኋቸው ጊዜ ነው። እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ መብራት በጠፋ ሌሊት ቀና ብዬ አይቻቸዋለሁ። የኔ ሆኑ ማለት የምችለው ግን በገዛ እጄ ባጠብኩት ፊልም ላይ፣ በግራጫ መደብ መሀል ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሆነው ሳገኛቸው ነው። ኔጌቲቭ ላይ ብርሃን ይጠቁራል፣ ጨለማው ሰማይ ይነጣል። ይህን የተገለበጠ ዓለም ያስተዋወቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ፒያሳ፣ ሌላው ሎስ አንጀለስ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። እኔ ግን አንዱን ሳነሣ ሌላው ስለሚመጣብኝ ለያይቼ ላወራቸው አልችልም።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቼ ለዕድገት በኅብረት ሲዘምቱ እኔ ዕድሜዬ ስላልደረሰ ቤት ቀረሁ። እናቴ መንገድ ላይ እንዳልውል ብላ ፒያሳ ፎቶ ቤት ለነበራቸው ዘመዳችን በአደራ ሰጠችኝ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ቤቱ ከፊት መጋረጃና ወንበር ያለው ማንሻ ክፍል፣ ከጀርባ ደግሞ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የሚነካበት ጨለማ ክፍል ነበረው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ በቀይ መብራት ሥር ማተሚያ ወረቀቱን በሳሕን ውስጥ ማወዛወዝ ነበር። ባዶው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ፀጉርና ቅንድብ ይወጣል፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ጉንጭ ሁልጊዜም የመጨረሻው ነው። ያን ሳይ መተንፈስ እረሳ ነበር።

ወረቀቱን ከለመድኩ በኋላ ወደ ፊልሙ አሳደጉኝ። ፊልም ቀይ መብራት እንኳ አይችልም፤ ከካሜራው ወጥቶ ብርሃን የማያስገባው ታንክ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሁሉም ነገር በዳሰሳ ነው። ጋሼ የተበላሸ ፊልም ሰጥተው፣ ዓይኔን በነጠላ ጫፍ አስረው፣ ሪሉ ላይ መጠምጠም አለማመዱኝ። «ጣትህ ማየት ይልመድ» ይሉኝ ነበር። ማጠቢያው ዲ-76 ነበር። ዱቄቱን ሞቅ ባለ ውሃ በጥብጠው፣ በጥቁር ጠርሙስ አፉን ገጥመው ያሳድሩታል። ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ካላሳየ ደንበኛው በር ላይ ቢቆምም ሥራ አይጀመርም። ታንኩን ሲያገላብጡ እጃቸው አይፈጥንም፣ አይዘገይም፤ ዓይናቸው ከሰዓቱ ላይ አይነሣም።

ከሁሉ በላይ የሚጠሉት ደረቅ ፎቶ ነበር። «የሰው ፊት እንዳታደርቅብኝ!» ይሉኛል። ፊልም ማጠቢያው ውስጥ ከልክ በላይ ከቆየ ነጩ ይፈነዳል፣ ጥቁሩ ይጨልማል፣ የሰው ገጽ ልስላሴውን ያጣል። በጋሼ ቤት ሙያ ማለት ልስላሴን መጠበቅ ነበር። ሁለተኛው ጥብቅ ነገራቸው እጥበቱ ነው። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ከፊልሙ ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ውሃ በላዩ ላይ እንዲፈስስ ያደርጋሉ፤ የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቀን በጀሪካን ቀድተን ደጋግመን እንለውጥለታለን። «በደንብ ያልታጠበ ፎቶ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሞታል» ሲሉ የምራቸውን ነበር።

ስደት ሎስ አንጀለስ ሲያደርሰኝ ይዤው የመጣሁት ሙያ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የፎቶ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። አብዛኛው ሥራ የቀለም ፊልም ነበር፤ ማሽኑ ራሱ አጥቦ ራሱ ያደርቃል። ጥቁርና ነጩ ግን በእጅ ስለሚታጠብ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለኔ ለቀቁልኝ። ወቅቱ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ከ76 ዓመት በኋላ የሚመለስበት ስለነበር ሰማይን ፎቶ ማንሣት ያማረው ሁሉ ወደ ሱቁ ይጎርፍ ነበር። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ፣ እጃቸው የመካኒክ እጅ የሆነ ሽማግሌ ገቡና ኮዳክ ቴክኒካል ፓን የተባለውን ፊልም በዲ-19 የሚያጥብላቸው ሰው ጠየቁ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ «እኛ ጋ የለም» አላቸው። እኔ ከኋላ ወጥቼ «ዱቄቱን ካመጡልኝ እበጠብጥልዎታለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ይህን የት ተማርክ?» አሉኝ። «አዲስ አበባ» ስላቸው ፊታቸው በራ። በሚቀጥለው ሳምንት ፓኬቱንም፣ ፊልሙንም ይዘው መጡ። በልቤ አባባ እላቸው ጀመር፤ ወዲያው እንደ ቤተሰብ ሆንን።

አባባ ሰማይን ፎቶ የሚያነሡት ማውንት ፒኖስ ከተባለ ተራራ ላይ ነበር። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ አማተር የከዋክብት ተመልካቾች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳር ማለቂያ አንድ ምሽት ይዘውኝ ወጡ። ከመኪናው ስወርድ የጥድ ሽታና ያ ቀጭን፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ብርድ ተቀበለኝ፤ ከእንጦጦ ሥር ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ሳንባዬ ወዲያው አወቀው። ቀና ስል ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ አገኘሁት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህ ሁሉ በመንገድ መብራት ተሸፍኖ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ።

የአባባ ቴሌስኮፕ ባለ20 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ነበር። ካሜራው ያለ ሌንስ ከቴሌስኮፑ ጋር ይታሠራል። ሞተሩ የምድርን መሽከርከር እየተከተለ ቴሌስኮፑን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ ግን የጥርሱ አሠራር ፍጹም ስላልሆነ ኮከቡ ጥቂት ጥቂት ይሸሻል። ስለዚህ አንድ ሰው በቀይ የሚበራ መስቀለኛ መስመር ባለው ማያ ውስጥ አንዲት ኮከብ መርጦ፣ ከመስመሩ መሀል እንዳትወጣ በእጁ ባለች ቁልፍ እያረመ ለአንድ ሰዓት ያህል ዓይኑን ሳይነቅል መቀመጥ አለበት። አባባ አንገታቸው ሲደክም ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። እየጠበቅን ሳለ ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 ኒውዮርክ አጠገብ የኦሪዮን ኔቡላ የተባለውን የጋዝ ደመና ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ሲይዝ 51 ደቂቃ እንደፈጀበት አወሩልኝ። በዚያ ብርድ ወንበር ላይ ሆኖ ያን መስማት ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረ ሰው ጋር አብሮ ሌሊት እንደ ማደር ነበር።

ይህን ያህል መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ ያስረዱኝም እዚያው ነው። ፎቶ ቤት የለመድኩት ፊልም በሴኮንድ ክፍልፋይ የሚበቃውን ብርሃን ያገኛል። ከሩቅ ኔቡላ የሚመጣው ብርሃን ግን እየተንጠባጠበ ነው፤ ፊልም ደግሞ የተንጠባጠበ ብርሃን ይረሳል። በእያንዳንዱ የብር ጨው ቅንጣት ላይ ብርሃን ሲያርፍ አንድ የብር አቶም ነፃ ይወጣል፤ ቅንጣቱ በማጠቢያው ውስጥ ሊጠቁር የሚችለው ግን አራት ያህል አቶሞች አንድ ላይ ሲሰባሰቡ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ሆኖ ሁለተኛው ከዘገየበት ይፈርስና እንዳልነበረ ይሆናል። የጀርመኑ ካርል ሽቫርትስሺልድ ይህን የፊልም ድካም በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አጥንቶ ስሌቱን አስቀምጦታል። ኋላ የጥቁር ጉድጓድን ሒሳብ የሠራው ሰውም እሱ ነው።

መድኃኒቱ ጋዝ ነበር። ቴክኒካል ፓን ቅንጣቱ እጅግ የላመ፣ ቀዩን ብርሃን እስከ 690 ናኖ ሜትር ድረስ የሚያይ ፊልም ነው። ሃይድሮጂን በኔቡላዎች ውስጥ የሚያወጣው ቀይ ብርሃን 656 ናኖ ሜትር ላይ ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነበር፤ ሌላው ሰው የሚወደው ትራይ-ኤክስ የተባለው ፊልም ግን እዚያ ሳይደርስ ዓይኑ ይደክማል። የቴክኒካል ፓን ችግሩ ያለ እገዛ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። አባባ ፊልሙን ክዳኑ በጎማ በሚገጠም የብረት ዕቃ ውስጥ ከትተው አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ይመጥጡታል። ከዚያ 8 ከመቶ ሃይድሮጂን፣ 92 ከመቶ ናይትሮጂን የሆነ ጋዝ ሞልተው ለብዙ ሰዓታት ያሞቁታል። ሃይድሮጂኑ በየቅንጣቱ ላይ የብር ጅምር ስለሚያስቀምጥ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ብርሃን ባዶ ቤት አይገባም። ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ውስጥ ሉሚኮን የተባለው ድርጅት ዕቃውንም፣ ተዘጋጅቶ ያለቀውን ፊልምም ይሸጥ ነበር። እንዲህ የተዘጋጀ ፊልም እርጥበት ከነካው ኃይሉን ስለሚያጣ አባባ እስኪጠቀሙበት ድረስ በማቀዝቀዣ ያኖሩታል።

ከተራራው ወርደን እንቅልፍ ሳይወስደን ወደ አባባ ጋራዥ ገባን። እዚያ ነበር የጋሼ ትምህርት ከሰማይ ጋር የተገናኘው። ዲ-19 እና ዲ-76 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ውስጥ ሜቶል፣ ሃይድሮኪኖንና ሶዲየም ሰልፋይት አለ። የሚለያቸው አልካሊው ነው። ዲ-76 በቦራክስ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ዲ-19 ግን በሶዲየም ካርቦኔት ተቀስቅሶ አጥብቆ ይሠራል፣ ፖታስየም ብሮማይድ ደግሞ ብርሃን ያልነካውን ቦታ ያስከብራል። ውጤቱ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሹት ድርቀት ነው። ኔቡላው ከሰማዩ ጀርባ የሚለየው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ያን ጥቂት ልዩነት ጎትቶ የሚያወጣው ደረቅ ማጠቢያ ብቻ ነው። ፊት ላይ ነውር የነበረው እዚህ በጎ ሥራ ሆነ። ሙያ ለጉዳዩ የሚታዘዝ መሆኑን በጽሑፍ ሳይሆን በእጄ የተማርኩት ያን ንጋት ነው።

መብራቱ ጠፋ። ጣቶቼ የለመዱትን አደረጉ፤ ፊልሙ ሪሉ ላይ ሳይጣበቅ፣ ሳይታጠፍ ተጠመጠመ። ጋሼ እንዳስተማሩኝ አስቀድሜ ንጹሕ ውሃ አስገባሁ፤ የአየር አረፋ ከፊልሙ ላይ ከቀረ ማጠቢያው እዚያ ቦታ ስለማይደርስ ክብ ባዶ ነጥብ ይተዋል። ከዚያ ዲ-19፣ በ20 ዲግሪ፣ 5 ደቂቃ ያህል። አባባ ሰዓቱን በቃላቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ ታንኩን አገላብጣለሁ። ቀጥሎ ሥራውን የሚያቆመው ቀጭን አሴቲክ አሲድ፣ ቀጥሎ ፊክሰር። ፊክሰሩ ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟምቶ ሲያወጣው ወተት የመሰለው ፊልም ይጠራል። ክዳኑን ከፍቼ ፊልሙን ወደ አምፖሉ አነሣሁት።

ከኦሪዮን መቀነት ሦስት ከዋክብት መካከል በስተምሥራቅ ያለችው አልኒታክ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ሆና ነበር። ከሥሯ ጭስ የመሰለ ግራጫ መጋረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጠርዙ ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ጥርት ያለች ጉድፍ አለች። አባባ የማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝ። አንገት፣ ግንባር፣ አፍ። የፈረስ ራስ። ሆርስሄድ ኔቡላ የሚባለው ይህ ነው፤ ከበስተኋላው የሚያበራውን ሃይድሮጂን የጋረደ ቀዝቃዛ የአቧራ ደመና ነው፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ1,000 ዓመት በላይ ተጉዟል። ከጥቂት ሰዓታት በፊት በዚያው ቴሌስኮፕ ያንኑ ቦታ በዓይኔ አይቼ ከጨለማ በቀር አንዳች አላገኘሁም ነበር። አሁን ግን በጣቶቼ መሀል ይዤዋለሁ። አባባ ትከሻዬን ጨብጠው ዝም አሉ፤ ከዚያም «አሁን ደግሞ እጠበው» አሉኝ፤ ቃሉ የጋሼ ቃል ነበር።

በዚያ ክረምት ፊልሙ እስኪደርቅ ስንጠብቅ አባባ ብዙ ታሪክ ነገሩኝ። አንዱን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። የፈረሱን ራስ መጀመሪያ ያገኘችው ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ ከተነሣ የመስተዋት ኔጌቲቭ ላይ። ፍሌሚንግ ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ መጥታ፣ ባሏ ትቷት ሲሄድ በኦብዘርቫቶሪው ዳይሬክተር በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት በሠራተኛነት የጀመረች ሴት ናት። ኋላ ግን ከዋክብትን በብርሃናቸው ዓይነት የመደበች፣ የኔጌቲቮቹ ክምችት ኃላፊ ለመሆን የበቃች ሊቅ ሆነች። ይህን ስሰማ በየከተማው የሰው ቤት ሲያጸዱ የሚውሉ እህቶቼ ነበሩ የታወሱኝ። የፈረሱ ራስ ለኔ ከዚያ ወዲህ የፍሌሚንግ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከደጃችን ነበር። ከሎስ አንጀለስ በላይ ያለው ማውንት ዊልሰን፣ ዛሬ የከተማው ብርሃን ያጥለቀለቀው ተራራ፣ ባለ2.5 ሜትሩ ሁከር ቴሌስኮፕ የሚገኝበት ነው። ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1923 የአንድሮሜዳን ኔቡላ ያነሣበትን የመስተዋት ኔጌቲቭ አጥቦ ሲመረምር ድንገት የፈነዳች መስላው በኤን ፊደል ያመለከታትን ኮከብ ከቀድሞ ኔጌቲቮች ጋር አስተያየ። ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ መሆኗን ሲያውቅ ፊደሉን ሰርዞ ተለዋዋጭ መሆኗን በቃለ አጋኖ ጻፈባት። በዚያች ኮከብ ርቀቱን አስልቶ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አረጋገጠ። የአጽናፈ ዓለም ስፋት የታወቀው አንድ ሰው በጥንቃቄ የታጠበ መስተዋት ላይ ጎንበስ ብሎ ነው።

በኛ ዘመን ደግሞ በአውስትራሊያ ዴቪድ ማሊን የጨለማ ክፍል ጥበብን እስከ ጥግ አደረሰው። ደካማው ብርሃን የሚቀረጸው የብር ጨዉን በያዘው ቅብ፣ በኢሙልሽኑ፣ የላይኛው ገጽ ላይ መሆኑን ተረድቶ ኔጌቲቩን በተበተነ ብርሃን ሌላ ደረቅ ፊልም ላይ ይገለብጠዋል፤ ማንም ያላየው ነገር ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስሙ የተጠራ ግዙፍና ደብዛዛ ጋላክሲ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። እኔና አባባም በጋራዣችን ሞከርነው፤ ከፈረሱ ራስ ወዲያ ያለው የጭስ መጋረጃ በተገለበጠው ፊልም ላይ እየሰፋ ሲሄድ ሁለታችንም እንደ ልጅ ፈነጠዝን።

ሰማይ የሌላ አገር ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ለነበረው ለኔ ግን ከሁሉ ያስደነቀኝ ኋላ ያነበብኩት ነው። ስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ሳተላይቶችን ለመከታተል በየአህጉሩ ካቆማቸው ቤከር-ነን የተባሉ ካሜራዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት፣ አቁሞት ነበር። የግማሽ ሜትር ቀዳዳ ያለው ግዙፍ ካሜራ ነው። ሠራተኞቹ በሌሊት ያነሡትን ፊልም እዚያው አጥበው የሳተላይቷን ቦታ ከከዋክብቱ አንጻር ይለኩ ነበር። እኔ በልጅነቴ ለሽርሽር የምወሰድበት ሐይቅ አካባቢ፣ ጋሼ ፒያሳ የሰርግ ፊልም በሚያጥቡበት ዘመን፣ የሰማይ ፊልም ይታጠብ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኮዳክ ቴክኒካል ፓንን እ.ኤ.አ. በ2004 መሥራት አቆመ። ከዚያ በፊትም ዲጂታል ካሜራ ቦታውን ወስዶ ነበር፤ ብርሃንን አይረሳም፣ ጋዝ አይፈልግም፣ እኛ በሰዓት ያገኘነውን በደቂቃዎች ይሰጣል። እንጦጦ ላይ የቆሙት ባለ1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖችም የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ ወጣቶቻችን እዚያ መድረሳቸው ያኮራኛል። ግን አሮጌው ፊልም ሥራውን አልጨረሰም። ሃርቫርድ ካሉት ከ500,000 በላይ የመስተዋት ኔጌቲቮች አብዛኞቹ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ስለተገለበጡ፣ ሳይንቲስቶች አንድ ኮከብ ከመቶ ዓመት በፊት ምን ያህል ያበራ እንደነበር ከእነሱ ይለካሉ። ያን ሌሊት ማንም ተመልሶ ሊያነሣው አይችልም፤ ያለው በዚያ መስተዋት ላይ ብቻ ነው። ሊነበብ የቻለውም ስሙ ያልተመዘገበ አንድ ሠራተኛ፣ ደክሞትም ይሁን በርዶት፣ ፊክሰሩን ጨርሶ አጥቦ ስላወጣው ነው።

አባባ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ኔጌቲቮቻቸውን ለኔ ሰጠችኝ። አንዱም አልወየበም፣ አንዱም አልደበዘዘም። የእህቴ ልጅ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ትማራለች፤ አሁን እነሱን ስካን እያደረግን ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከአባባ ማስታወሻ ደብተር ላይ እኔ አነብላታለሁ። ጠርዙን ብቻ እንድትይዝ፣ እንዳትቸኩል፣ አቧራውን ሳታራግፍ እንዳትጀምር እነግራታለሁ፤ ኔጌቲቭ ላይ የቀረ አቧራ በፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ስለሚወጣ የሌለ ኮከብ ይፈጥራል። ጋሼ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ለጉርድ ፎቶግራፍና ለሰርግ ብለው ነበር። ለሰማይም እንደሚበቃ ባለማወቃቸው አዝናለሁ፤ ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ስነግራት የሁለቱንም ስም እየጠራሁ ነው።